ችግረኛን ማን ይመስክርለት?

በሽታም ሆነ የሥራ ማጣት፣ ድርቅም ሆነ የአባት ሞት አንድን ቤተ ሰብ በጣለው ጊዜ፣ ያን ቤተ ሰብ ለማንሣት ሁለት እጆች ይዘረጋሉ። አንደኛው የመንግሥት እጅ ነው፤ ሁለተኛው የጎረቤት እጅ ነው። የመንግሥት እጅ ረዥም ነው፤ ነገር ግን ከሩቅ የሚያይ ስለ ሆነ የሚያየው በመዝገብ ነው። የጎረቤት እጅ አጭር ነው፤ ዓይኑ ግን ቅርብ በመሆኑ ጢስ የማይወጣበትን ማድ ቤት ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ስለዚህ በየሰፈሩ ያሉትን ዕድሮችና የበጎ አድራጎት ማኅበራት፣ መንግሥት ለችግረኛ ቤተ ሰቦች በሚያደርገው ድጋፍ ውስጥ ተካፋይ ማድረግ መልካም አሳብ መሆኑን የሚክድ ሰው የለም። በየስብሰባውም ይነገራል፤ በየዕቅዱም ይጻፋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው፣ ጎረቤት ወደዚህ ሥራ በምን ማዕረግ ይግባ የሚለውን ጥያቄ ነው። ሰጪ ሆኖ ነውን? ዳኛ ሆኖ ነውን? ወይስ ምስክር ሆኖ? ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የአስተዳደር ጉዳይ ይመስላል፤ ጠለቅ ብለው ሲመለከቱት ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ዕድርን የማያውቅ አንባቢ ስለሌለ በመግለጽ አናደክምም። በወር በወሩ ጥቂት ገንዘብ ይዋጣል፤ ሞት በመጣ ጊዜ ጥሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ በደንቡ የተወሰነው ገንዘብ ለሐዘንተኛው ይሰጣል፤ ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዕድር ምጽዋት አለመሆኑ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ከገንዘብ ያዡ እጅ ብሩን ስትቀበል አንገቷን አትደፋም። ባሏ በሕይወቱ ሳለ ከፍሎበታል፤ እርስዋም በሌሎች ሐዘን ቤት ውኃ ቀድታበታለች፣ ሊጥ አቡክታበታለች። ነጋዴውና ዘበኛው በአንድ ዕድር ውስጥ እኩል አዋጥተው እኩል ይቀበላሉ፤ ነጋዴው ሲሞት ዘበኛው አፈር ያለብሰዋል። በከተሞቻችን ውስጥ ሰው ከሰው ጋር በዚህ ያህል የሚተካከልበት ሌላ ሥፍራ መኖሩን እንጠራጠራለን።

ምጽዋትም ቢሆን በአገራችን የተናቀ ነገር አይደለም። ክርስቲያኑ ሲመጸውት ለታይታ እንዳያደርገው ታዟል፤ ሙስሊሙ ዘካን ከሀብቱ ላይ የድኻው ድርሻ አድርጎ እንዲያወጣ ታዟል፤ ዘካ የሚገባቸውም ሰዎች በስምንት ወገን ተለይተው ተወስነዋል። ሃይማኖቶቻችን አንድ ጊዜ ስጦታውን በመሸሸግ፣ አንድ ጊዜም ገንዘቡ አስቀድሞ የተቀባዩ ነው በማለት፣ የተቀባዩን ፊት ከኀፍረት ለመጠበቅ ብዙ ተጨንቀዋል። ዛሬ በበዓል ዋዜማ ዘይትና ዱቄት ሲታደል ሰጪው ከተቀባዩ አጠገብ ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣቱ ከየት የመጣ ልማድ እንደ ሆነ ግን እኛ በበኩላችን አልገባንም። አሮጊቲቱ የተቀበለችው አምስት ኪሎ ዱቄት በሳምንት ውስጥ ያልቃል፤ ፎቶግራፉ ግን ይኖራል።

የመንግሥት ርዳታ በሌላ ሕግ ይሄዳል። በገጠር የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት፣ ድርቅ በመጣ ቁጥር እህል እየተለመነ ይታደል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጉልበት ያለው በእርከን፣ በመንገድና በኩሬ ሥራ ላይ እየሠራ ይከፈለው ጀመር፤ ጉልበት የሌላቸው ሽማግሎችና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ያለ ሥራ በቀጥታ እንዲረዱ ተወሰነ። በ2007 ዓ.ም. ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ወጣ። በ2009 ዓ.ም. ሴፍቲኔቱ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ዙር ዕቅድ 604,000 ሰው ለመርዳት ነበር። ተረጂዎቹን የሚለየው ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ ነው፤ የተመረጡት ሰዎች ስም ለሕዝብ ይገለጣል፤ ቅር ያለውም አቤት ይላል። ይህ ተገቢ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ለማን እንደ ተሰጠ ሕዝብ ሊያውቀው ይገባል፤ ስሙ በግልጥ ካልተነበበ የኮሚቴው አባል የእኅቱን ልጅ እንዳያስገባ የሚከለክለው ምንድን ነው?

እንግዲህ ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ፍትሕ የተረጂው ስም በአደባባይ እንዲነበብ ትፈልጋለች፤ ርኅራኄ ደግሞ ስሙ እንዲሸሸግ ትፈልጋለች። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መታዘዝ ግን አይቻልም።

አንዲት ሴት እናስብ። ባሏ በሕንፃ ሥራ ላይ ሳለ ወድቆ ወገቡን ተጎድቶ ከተኛ ዓመት ሊሞላው ነው። ሦስት ልጆች አሏት። የቤት ዕቃዋን አንድ በአንድ ሸጣ ጨርሳ የቀራት ምጣዱ ነው፤ እርሱንም ያልሸጠችው እንጀራ ጋግራ ስለምታድርበት ነው። ጎረቤት ሲመጣባት ቡና ታፈላለች፤ ቡናው በዱቤ የመጣ ነው። እንዲህ ያለች ሴት የተቸገራችሁ ተመዝገቡ ተብሎ ሲለፈፍ ብድግ ብላ የምትወጣ አይደለችም። ወላጆችዋ ያስተማርዋት ችግርን በነጠላ መሸፈን ነው። አስተማሪዎች ግን በልጆችዋ በኩል ያውቋታል፤ በዕረፍት ሰዓት ጓደኞቹ ምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ ወደ ውኃው ቧንቧ የሚሄደው ልጅ የእርስዋ ነው።

ባሏ ከወደቀ በኋላ መጀመሪያ ያቋረጠችው ክፍያ የትኛው ይመስላችኋል? የቤት ኪራይ እንዳይሆን አከራዩ ያስወጣታል። የልጆቹ ደብተር እንዳይሆን ልጆቹ የመጨረሻ ተስፋዋ ናቸው። ያቋረጠችው የዕድሩን መዋጮ ነው፤ ሞት ለነገ ነውና። ብዙዎቹ ዕድሮች ደግሞ መዋጮውን ለተወሰነ ጊዜ ያላስገባ አባል ከመዝገብ እንዲሰረዝ በደንባቸው ጽፈዋል። ደንቡ የጭካኔ አይደለም፤ የማይከፍል ሰው ከበዛ ዕድሩ ራሱ ይፈርሳል። ነገር ግን ውጤቱን ልብ እንበል። ችግር በመጣ ጊዜ ቤተ ሰቡ ገና ርዳታ ሳያገኝ ከዕድሩ ይወጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ የወረዳው ሠራተኛ መጥቶ በዚህ ሰፈር የተቸገሩትን ንገሩኝ ብሎ ሲጠይቅ ጸሐፊው መዝገቡን ይገልጣል፤ የሴትዮዋ ስም ግን ተሰርዞ ያገኘዋል። ከገጠር በቅርቡ የገባው፣ በየዓመቱ ቤት የሚቀይረው ተከራይ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖረው ሠራተኛ ቀድሞውንም በመዝገቡ ላይ አልነበሩም። ስለዚህ ዕድሩን ጠየቅን ማለት ሰፈሩን ጠየቅን ማለት አይደለም፤ የጠየቅነው ሊከፍል የቻለውን የሰፈር ሰው ነው።

ይህ የመጀመሪያው እንከን ሲሆን ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። የዕድር ሹም ከጥንት ጀምሮ ዳኛ ተብሎ ይጠራል። ዳኝነቱ ግን የታወቀ ወሰን አለው፤ ከቀብር በቀረው፣ በስብሰባ ላይ በተሳደበው፣ ወንበር በሰበረው ላይ ይፈርዳል። ማን ይበልጥ ድኻ ነው፣ ርዳታስ ለማን ይገባዋል ብሎ እንዲፈርድ የሾመው አባል የለም። ጎረቤት የጎረቤቱን ችግር ያውቃል ብለናል፤ አዎን ያውቃል፤ ነገር ግን ከዚያ ጋር ሌላውንም ሁሉ ያውቃል። ባልዮው ጤና ሳለ ይጠጣ እንደ ነበር ያውቃል። ከአምስት ዓመት በፊት በአጥር ምክንያት የተጣሉትን ያውቃል። ታላቂቱ ልጅ ያለ ጋብቻ መውለድዋን ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም ብለን ስንጠይቀው ስለ ረኃባቸው ይመልሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ እርሱ ግን ሳያውቀው ስለ ጠባያቸው ይመልሳል። የሦስት ዓመት ሕፃን የእራት መብት በአባቱ መጠጥ የሚለካበት ምክንያት የለም።

ከዚህም ሌላ ኮታ የሚባል ነገር አለ። ለሰፈሩ የተፈቀደው ርዳታ ለ20 ቤተ ሰብ ነው እንበል፤ የሚገባቸው ግን 35 ናቸው። 15ቱን አይሆንም ማለት የማን ሥራ ነው? መሥሪያ ቤቱ ምርጫውን ለዕድሩ ወይም ለሰፈሩ በጎ አድራጎት ማኅበር ሲሰጥ፣ አሳታፊነት የሚል መልካም ስም ይሰጠዋል። አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ተሳትፎ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ግን ከእጅ የከበደ ሸክምን በሰው ጫንቃ ላይ መጣል ነው። ባለሥልጣኑ በማግሥቱ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል፤ የዕድሩ ዳኛ ግን ካስቀራቸው 15 ቤተ ሰቦች ጋር በአንድ ቧንቧ ውኃ ይቀዳል፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ወይም በአንድ መስጊድ ይሰግዳል። በሚቀጥለው ሞት ሬሳውን አብረው ሊሸከሙ ይገባቸዋል። ኮታውን የወሰነ እርሱ ያይደለ፣ በጀቱንም የማያውቅ ሰው የእንቢታውን ቂም እንዲወርስ ማድረግ ፍትሕ ነው ወይ? እኛ አይደለም እንላለን።

ታዲያ ሁሉን ነገር ለጸሐፊና ለመዝገብ እንተወው ማለታችን ነው ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም መዝገብ ደግሞ የራሱ ዕውርነት አለው። የነዋሪነት መታወቂያ የሌለውን አያይም። ምጣድ ያላትን ሴት የመተዳደሪያ ዕቃ አላት ብሎ ሊያልፋት ይችላል። ጉቦም ቢሆን በሰፈር ዳኛ ዘንድ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። ጎረቤት በርዳታ ሥራ ሲገባ ምን ያህል መልካም ሊሠራ እንደሚችል ደግሞ በዓይናችን አይተናል።

በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ ወጣቱን ሲቀጥፍ ዕድሮች በየሳምንቱ ድንኳን ይተክሉ ነበር፤ ገንዘብ ያዦችም ሣጥኑ ሲጎድል እያዩ ይጨነቁ ነበር። ነፃው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መሰጠት ከመጀመሩ በፊት የታመመ ሰው የሚጠብቀው ሞቱን ብቻ ነበር፤ ያንንም ብዙ ጊዜ ብቻውን። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ያሉ አያሌ ዕድሮች አንድ ከባድ ጥያቄ ተጠያየቁ። ለሞተው ድንኳን የምንተክል፣ ለሬሳው ሳጥን የምንገዛ፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ ውኃ የሚያቀብለው አጥቶ ሲሞት እያየን ዝም ማለታችን ምን ይባላል? ከዚያም ደንባቸውን እያሻሻሉ ከመዋጮው ጥቂት ለሕያዋን መመደብ፣ በሽተኛን መጠየቅና ማስታመም፣ የሞቱትን ሰዎች ልጆች መከታተል ጀመሩ። ልብ ሊባል የሚገባው አሠራራቸው ነው። የበሽተኛ ስም በአደባባይ አይነበብም፤ ሁለት ሦስት የታመኑ ሴቶች ሲመሽ ሾርባ ይዘው ይሄዳሉ፤ ልብሱን ያጥባሉ፤ ይመለሳሉ። መቶ ሰው ካለበት ሰፈር ያንን የሚያውቁት አምስት ሰዎች ነበሩ። ፍትሕና ርኅራኄ ያልተጣሉበት አንድ ሥፍራ ካለ ይህ ይመስለናል፤ ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት በግልጥ ጸደቀ፤ ስሙ ግን ተሸሸገ።

ዕድሮቹ ይህን ያደረጉት ራሳቸው ጠይቀው፣ ራሳቸው ተከራክረው፣ በራሳቸው ሣጥን ነው። በዚህ ላይ የሕዝብ ገንዘብ ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል። አሁን የሚሠራበት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113/2011፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ዕድርንና ዕቁብን ግን ከአዋጁ ውጭ ያደርጋቸዋል። የዕድር ኦዲተሩ የእሑድ ስብሰባው ነው፤ አባሉ በገዛ ገንዘቡ ስለሚናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። የመንግሥት ብር በሣጥኑ በገባ ጊዜ ግን ቅጽ ይመጣል፤ ሪፖርት ይመጣል፤ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ይህም መምጣቱ ግድ ነው። ዕድሩም ቀስ በቀስ የወረዳው የታችኛው ቢሮ ይሆናል።

ማኅበር ወደ ቢሮነት ሲለወጥ ምን እንደሚመስል አገራችን አስቀድማ አይታዋለች። ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. ሲቋቋም የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተብሎ ነበር። ስሙ እንደሚያሳየው ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ተማክሮ ሰፈሩን እንዲያሳድግ የታሰበ ነበር። ሱቅ ተሰጠው፤ የፍርድ ሸንጎ ተሰጠው፤ ከዚያም ጥበቃና እስር ቤት ተጨመረለት። ማኅበር የሚለው ቃል በማኅተሙ ላይ ቀረ፤ ነዋሪው ግን ሊቀ መንበሩን ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሆነ። ዕድርን ከዚህ ጋር እናመሳስለዋለን ማለታችን አይደለም፤ ዘመኑም ሌላ ነው። ሆኖም ጎረቤት በጎረቤቱ ጉሮሮ ላይ ሥልጣን ባገኘ ጊዜ ጉርብትናው እንደሚጠፋ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያሻም።

የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ነገር ከዕድር ይለያል። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው፣ በረኃብ ከተጎዱት መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ከማንም ፈቃድ አልጠየቁም፤ መመዘኛም አላወጡም። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በዚያው መንገድ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን አሳደጉ። የበጎ አድራጎት ትልቁ ኃይል ይህ ነው፤ ሕግ ገና ሳይነሣ እርሱ መንገድ ይጀምራል። ድካሙ ደግሞ የሚበቃው ለደረሰበት ብቻ መሆኑ ነው፤ ያልደረሰበት ልጅ ለምን አልደረሳችሁልኝም ብሎ የሚከሰው የለውም።

ስለዚህ ነገር ለአስተማሪዎች ይልቅ ቅርብ የሆነ ምሳሌ በአዲስ አበባ የትምህርት ቤት ምገባ ነው። አስቀድሞ በበጎ አድራጎት በኩል የሚበሉት ችግረኛ ተብለው የተመረጡ ልጆች ነበሩ። ሥራው የተመሰገነ ነው፤ እርሱ ባይጀምር የኋለኛው አይመጣም ነበር። ነገር ግን የተመረጠ ልጅ መመረጡን ጓደኞቹ ያውቃሉ፤ የልጆች አፍ ደግሞ እንዴት እንደሚቆርጥ አስተማሪ ያውቃል። በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የከተማው አስተዳደር ምገባውን በራሱ በጀት ይዞ፣ ወደ 300,000 ለሚሆኑ በመንግሥት ትምህርት ቤት ላሉ ተማሪዎች በጠቅላላ አዳረሰው። ያን ጊዜ ሳህኑ ስም መጥራቱን ተወ። ያ ወደ ቧንቧው ይሄድ የነበረው ልጅ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ሲበላ፣ ችግረኛ መሆኑን የሚያውቀው እናቱ ብቻ ሆነች።

ለሁሉ ማዳረስ በሚቻልበት ሥፍራ እንግዲህ መምረጡ ራሱ ይቀራል። ለሁሉ የማይዳረስ ርዳታ ግን ብዙ ነውና ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በበኩላችን ጎረቤት ምስክር ሆኖ ይግባ እንላለን። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ አይፈርድም። በዚህ ቤት ስድስት ነፍስ ይኖራል፤ አባት ከወደቀ ዓመት ሆነው፤ እናት እንጀራ ትሸጣለች፤ ይህን ማለት ለዕድሩም፣ ለሴቶች ማኅበሩም፣ ለልጁ አስተማሪም የሚቻል ነው። ተፈቅዷል ወይም አልተፈቀደም የሚለው ቃል ግን ከመሥሪያ ቤቱ በመሥሪያ ቤቱ ፊርማ መውጣት አለበት፤ እንቢታውንም ለቤተ ሰቡ የሚያስረዳ ደመወዝተኛው ሹም ይሁን እንጂ ጎረቤቱ አይሁን። አቤቱታውን የሚሰማው ሰው ደግሞ ከሰፈሩ ውጭ የሚኖር መሆን ይገባዋል። መመዘኛው፣ የገንዘቡ ልክና የተረዳው ቤተ ሰብ ቁጥር በአደባባይ ይለጠፍ። ስሙ በግድ መነበብ ካለበት፣ ሰውየው በሠራው ሥራ ደመወዝ ተከፈለው ተብሎ ይነበብ፤ ጉልበት የሌላቸውን ግን ስማቸውን መርምሮ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ይበቃል።

የቀረው የተሰረዘው ስም ጉዳይ ነው። ለዚያች ሴት በወር የሚሰጣት ድጋፍ ሲሰላ ጤፍ፣ ዘይት፣ የቤት ኪራይ ይቆጠራል። የዕድር መዋጮዋም አብሮ ይቆጠርላት ብንል ብዙ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ ለሚበላው የተቸገረን ሰው ስለ ቀብሩ ማሰብ ምን ይጠቅማል ይባላል። አንዳንድ ዕድሮች የተቸገረ አባላቸውን መዋጮ በራሳቸው ይምሩታል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ለሌሎቹ ግን ፕሮግራሙ ቢከፍል፣ ወጪው ከሌላው ወጪ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስሟ በመዝገቡ ላይ የቆየ ሴት በማግሥቱ ጥሩምባ ሲነፋ ትጠራለች። ሄዳ ሊጥ ታቦካለች፤ ከነጋዴው ሚስት ጋር አንድ ምጣድ ላይ ትቆማለች፤ ሐዘንተኛዋን አይዞሽ ትላለች። የመንግሥት ብር ጤፍ ሊገዛላት ይችላል፤ ሰጪ የምትሆንበትን ሥፍራ ግን የሚጠብቅላት ዕድሩ ነው። ሰው ተቀባይ ብቻ ሆኖ ሲቀር ከረኃቡ የማያንስ ነገር እንደሚጎድልበት የተቀበለ ሁሉ ያውቀዋል።

ቅጽ ለሚያዘጋጁት ሹማምንት የምናቀርበው ልመና እንግዲህ አጭር ነው። የቤተ ሰቡ ብዛት፣ የአባወራው ወይም የእማወራዋ ሥራ፣ የቤቱ ጣራና ግድግዳ ከሚጠየቅበት ሥር አንድ መስመር ይጨመር፤ ቤተ ሰቡ የዕድር አባል ነበረን? ከሆነስ መቼ ወጣ? ለመልሱ የሚያስፈልገው ቦታ ከአንድ ጣት አይሰፋም።